ሳቢን ቤሪንግ-ጉልድ፦ ስለ ባለ አሥራ አምስት ልጆቹ ቄስ የጠየቃችሁኝ

ስለዚህ እንግሊዛዊ ቄስና መዝሙር ደራሲ (1834–1924) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ «ወደፊት፣ የክርስቶስ ወታደሮች» የሚለውን መዝሙር በሩብ ሰዓት ነው የጻፈው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በጥድፊያ መጻፉን ራሱ ተናግሯል፤ ደቂቃውን ቆሜ አልቆጠርኩለትም። ያኔ በዮርክሻየር፣ ሆርበሪ ብሪጅ በሚባል የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ረዳት ቄስ ነበር። በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ወደ ጎረቤት መንደር ሊሄዱ ሆነ። መንገድ ላይ የሚዘምሩት ነገር ጠፋ፤ ሌሊቱን ተቀምጦ ጻፈላቸው። አንዳንዱ ስንኝ ቤት እንደማይመታም በኋላ አምኗል። ዛሬ የምንሰማውን ዜማ አርተር ሰሊቫን የሠራው 1871 ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጦርነት አይሰብክም?

መልስ፦ ለልጆች ሰልፍ የተጻፈ ነው። ጥያቄው ግን የብዙዎች ነው፤ በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሜቶዲስቶች ከመዝሙር መጽሐፋቸው ሊያወጡት አስበው ምእመናኑ ቢቆጡ ተዉት።

ጥያቄ፦ ሚስቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች?

መልስ፦ አዎ፣ ግሬስ ቴይለር። ሲተዋወቁ እሱ ሠላሳ ዓመቱ፣ እሷ ገና ልጅ፤ ይህን ሳነብ ሁሌም ይቀፈኛል። የባላባቱን ወግ እንድትማር ወደ ዮርክ ተላከች፣ 1868 ላይ ተጋቡ፣ 15 ልጆች ወለዱ። በ1916 ስትሞት መቃብሯ ላይ በላቲን «የነፍሴ እኩሌታ» ብሎ አስቀረጸ።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ ልጅ በቄስ ደመወዝ አሳደገ?

መልስ፦ የት ይበቃዋል! ዴቨን ውስጥ ሉ ትሬንቻርድ የሚባል ርስት ከአባቱ ወርሶ ነበር። የደብሩን ቄስ የመሾም መብት የባለርስቱ ስለሆነ በ1881 ራሱን ራሱ ሾመ። ልብ ወለድም እየጻፈ ይሸጥ ነበር፤ የሚጽፈውም ቆሞ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ እኛ አገር ጽፏል የሚባለውስ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በ1865 ወደ ተኩላ ስለሚለወጡ ሰዎች አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ አዎ፣ ያው ቄስ። እዚያ ውስጥ የእኛ ቡዳ አለ! ብረት ቀጥቃጮች ጅብ ይሆናሉ የሚለውን እምነት ተጓዦች ከጻፉት ወስዶ አስገብቶታል። አገሩን አላየም። ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን እንግሊዞች ስለ ኢትዮጵያ ምን ይሰሙ እንደነበር ለማወቅ ብታነቡት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሥራዎቹ የትኛውን ያስበልጥ ነበር?

መልስ፦ መዝሙሩን የሚመስላችሁ ተሳስታችኋል። እሱ «የሕይወቴ ዋና ሥራ» ያለው የዴቨንና የኮርንዎል የሕዝብ ዘፈኖችን መሰብሰቡን ነው። ከ1888 ጀምሮ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ሽማግሌ ዘፋኞችን በየጎጆውና በየመጠጥ ቤቱ እየፈለገ ቃላቸውን ጻፈ፤ ዜማውን የሚቀዱለት ሁለት ሙዚቃ አዋቂ ጓደኞች ነበሩት። እኔም የምፈርድለት በዚህ ነው፤ መዝሙር ሌላም ሰው ይጽፋል፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ግን ዘፈኑን ይዘውት ሊሞቱ ነበር። አንድ ቅር የሚለኝ፦ ሲያሳትም ባለጌውን ቃል እያወጣ ለስላሳ ይተካበት ነበር። ደግነቱ የመጀመሪያውን አልቀደደም፤ ሽማግሌዎቹ እንደዘፈኑት በእጅ ጽሑፉ ውስጥ አለ።