አንቲቫይረሱ ሲጮህ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቺ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ነው የምሠራው። ዊንዶውስ 10 ነው፤ አንቲቫይረሱም አብሮት የመጣው ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። የአማርኛ መጻፊያውን ስከፍት ቫይረስ ነው ይለኛል። የደንበኛ ፍላሽ ስሰካ ይጮኻል። ጠዋት ሳበራው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል የሚል ቢጫ ምልክት ያወጣል። ኢንተርኔት ስከፍት ‹ኮምፒውተርሽ በ5 ቫይረስ ተይዟል› የሚል ነገር ጥግ ላይ ብቅ ይላል። ደንበኛ ደንግጦ ፍላሹን ነቅሎ ሄዶብኛል። አንድ ልጅ ‹ዝም ብለሽ አጥፊው› ብሎኛል። ላጥፋው?»

እህቴ፣ አታጥፊው። በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ እዚያ ማሽን ላይ እንደሚሰካ አንቺ ታውቂያለሽ። የሰው ፋይዳ፣ የሰው ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል ያልፍበታል። እንዲህ ያለ ማሽን ያለ ጠባቂ አይቀመጥም። ጩኸቱን ግን ማስቆም ይቻላል።

ስክሪኑን በስልክ አንስተሽ መላክሽ በጣም ጠቅሞኛል። ማስጠንቀቂያውን ሳላነብ ዓይኔ የሄደው ከታች ወደ ቀኝ ጥጉ ነው። ቀኑ እዚያ ተጽፏል። ዓመቱ 2018 ይላል።

ይሄ የእኛ ዓመተ ምሕረት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ 2018 ሲባል የፈረንጆቹን 2018 ነው የሚረዳው። ማሽንሽ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው ማለት ነው።

እዚያ እንዴት እንደደረሰ ልንገርሽ። መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምትይዝለት ውስጡ ያለች ትንሽ ባትሪ ካለቀች፣ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ይነሣል፤ የሆነ የድሮ ዓመት ጃንዋሪ 1 ላይ። ያኔ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ ያስተካክለዋል። ገላን ባለው የጥገና ቤቴ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም 3 ሰዓት ይላል። የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ጣጣው ግን ብዙ ነው።

አንቲቫይረስ ዋና ሥራውን የሚሠራው በየጊዜው በሚላክለት የቫይረስ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ለመቀበል ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ሰርተፊኬቱን ያያል። እንደ መታወቂያ በዪው፤ የተሰጠበት ቀን አለው፣ የሚያበቃበትም ቀን አለው። ማሽንሽ «ዛሬ 2018 ነው» ብሎ ካመነ ዘንድሮ የወጣ መታወቂያ ሲያይ ቀኑ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። አይቀበለውም። ዝርዝሩም ሳይመጣ ይቀራል። የጠዋቱ ቢጫ ምልክት ከዚህ የመጣ ነው።

የአማርኛው መጻፊያ ጩኸት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንቲቫይረስ ይሳሳታል፤ የትልልቆቹም ይሳሳታሉ። እንደ ፈረንጆቹ በሴፕቴምበር 2022 ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር፣ ክሮምንና ሌሎች ደህና ፕሮግራሞችን «ሃይቭ ዜድ ዋይ» በሚል ስም ቫይረስ ናቸው ብሎ ነበር። ሰው ክሮምን በከፈተ ቁጥር ይጮህ ነበር። ኩባንያው ዝርዝሩን አስተካክሎ ወዲያው ላከ፤ አፕዴት ያደረገ ሰው ተገላገለ። የተስተካከለው ዝርዝር የማይደርሰው ማሽን ግን የትናንቱን ስህተት ይዞ መጮሁን ይቀጥላል። ያንቺም ማሽን ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ሥራው ከባትሪው ይጀምራል። ኮምፒውተሩን አጥፊና ገመዱን ከሶኬት ንቀዪው። ማብሪያውን ለአስር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ውስጡ የቀረው ኃይል ይውጣ። ጎኑን ስትከፍቺ ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ብርማ ባትሪ ታያለሽ። ላዩ ላይ ሲአር2032 የሚል አለው፤ 3 ቮልት ነው። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ብረት በጥፍርሽ ገፋ ስታደርጊያት ባትሪው ብድግ ይላል። አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠቅ እስኪል ተጫኚው። እጅሽ ካልደፈረ አቅራቢያሽ ያለ ጠጋኝ አስቀይሪ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከዚያ ቀኑን ሙዪ። ዓመቱም ወሩም ቀኑም የፈረንጆቹ ይሁን። ታይም ዞኑ ላይ ናይሮቢ የሚለውን ምረጪ፤ የእኛም ሰዓት እሱው ነው። አንቲቫይረሱ የሚገኝበትን ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቺና አፕዴት አድርጊ። ፓኬጅ የሚበላብሽ ከሆነ ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደሽ ከማይክሮሶፍት ገጽ የዲፌንደሩን ዝርዝር ለብቻው በፍላሽ ማምጣት ትችያለሽ። ፋይሉ ከመቶ ሜጋ ባይት በላይ ነው። የኮምፒውተርሽ ዊንዶውስ 64 ቢት ከሆነ ባለ 64ቱን ያዢ።

ጥግ ላይ ብቅ የሚለው «በ5 ቫይረስ ተይዟል» የአንቲቫይረስሽ ድምፅ አይደለም። በደንብ እዪው፤ ከጽሑፉ ሥር በትንሹ የክሮም ስምና የማታውቂው ድረ ገጽ አድራሻ አለ። የሆነ ጊዜ ፊልም ወይም ፒዲኤፍ መቀየሪያ ፍለጋ የተገባበት ገጽ «ሮቦት አለመሆንሽን ለማረጋገጥ አላው ተጫኚ» ብሏል። ተጭናችኋል። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ይልካል። ብትነኪው ገንዘብ ክፈይ ወይም ይሄን ጫኚ ይልሻል። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ግቢ። እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው ገጾች የማታውቂያቸውን ሁሉ አስወግጂ። ያኔውኑ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደ አማርኛ መጻፊያው። በላክሽው ፎቶ ላይ የተጻፈው ስም «ትሮጃን ዊን32 ዋካታክ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖና ኤም ኤል የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ሁልጊዜ ይህን ጅራት አንብቢ። ኤም ኤል ማለት ማሽኑ በመልክና በጠባይ ገምቶ ያዘው ማለት ነው። «ሂዩር» ወይም «ጄን» የሚሉ ስሞችም ወደ ግምት ያደላሉ። ግምት ሲሆን ልክ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ በጠባዩ ለጥርጣሬ የተጋለጠ ነው። ኤስንና ኢን ስትመቺ «ሰ» አድርጎ ለመስጠት የምትመቺውን እያንዳንዱን ቁልፍ ያዳምጣል። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ማታ ፍራሽ ተሸክሞ የሚወጣን ሰው የጊቢ ዘበኛ ያስቆመዋል። የራሱን ፍራሽ የያዘ ተከራይ ይሁን ሌባ ከሩቅ አይለይም። ጠይቆ ነው የሚለየው።

እኛም እንጠይቅ። ፕሮግራሙን ከየት አመጣሽው? ከሠሪዎቹ ከሆነ መልካም። ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ከሆነ፣ «ከመጫንሽ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፊ» የሚል መመሪያም ካለው፣ ሐሰተኛ ጩኸት ነው ብዬ አልፈርምልሽም። ፕሮግራሙን ሰርዘሽ ከምንጩ እንደገና አምጪው።

ከዚያ መጫኛውን ፋይል ቫይረስቶታል ወደሚባለው ድረ ገጽ ስቀዪ። ጉግል በ2012 የገዛው አገልግሎት ነው፤ አንድን ፋይል ወደ 70 በሚጠጉ አንቲቫይረሶች ያስመረምራል። ከእነዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ብቻ፣ ያውም በግምት ስም ከጮኹ፣ ሐሰተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ታዋቂዎቹ ብዙዎቹ ተስማምተው አንድ ስም ከሰጡት ግን ተዪው። አንድ አደራ፦ የደንበኛ ሰነድ እዚያ እንዳትሰቅዪ። የተሰቀለ ፋይል ሌሎች መርማሪዎችም ያገኙታል። የሰው ፋይዳ እዚያ ምን ይሠራል?

ንጹሕ ከሆነ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ገብተሽ ያቺን ፋይል ብቻ «አላው» በያት። ዳውንሎድ ፎልደሩን በሙሉ ወይም ሲ ድራይቭን ከምርመራ ውጪ የምታደርጊበት ቦታ አለ። እዚያ አትድረሺ። እኔ ከዓመታት በፊት ለአንድ ጸሐፊ ጩኸቱ እንዲቆምላት ብዬ ሲ ድራይቭን በሙሉ አስወጣሁላት። ጩኸቱ ቆመ። ከሳምንታት በኋላ የደንበኞቿ ፎልደር በሙሉ ተደብቆ መጣችብኝ። አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ መለስኩላት፤ ያልተመለሰም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ ደንግጠሽ «ሪሙቭ» አትጫኚ። ፋይሉን ለይቶ የሚያስቀምጠው «ኳራንቲን» ይሻላል፤ ስህተት ከሆነ ይመለሳል። እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ ዝርዝር የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ዋና ፋይል ቫይረስ ብሎ ያዘ። በዚያ የተነሣ ብዙ ኮምፒውተሮች እየጠፉ እየተነሡ ተቸግረው ነበር።

የድሮ ሰነድ የማያስገድድሽ ከሆነ መጻፊያውንም መቀየር ይቻላል። ዊንዶውስ 10 የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ኪማን የሚባለው መጻፊያም በነፃ ይገኛል። በድሮው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እንዳለሽ ግን ይገባኛል፤ ለእሱ የድሮው መቆየት አለበት።

የፍላሹ ጩኸት ሐሰተኛ አይመስለኝም። የሰዉ ፍላሽ ከካፌ ካፌ፣ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ፍላሹን ስትከፍቺ ፎልደሮቹ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ካላቸው ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው የራሱን አቋራጭ ያስቀምጣል። አትንኪያቸው። ቪው ውስጥ ገብተሽ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምልክት አድርጊበት፤ እውነተኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል። ለደንበኛው ረጋ ብለሽ «ፍላሽዎ ቫይረስ ይዟል፣ ፋይሉ ግን አለ» በዪው። ብዙ ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ነው የሚደነግጠው። ስልኩ ላይ ያለ ሰነድ ከሆነ በቴሌግራም ላክልኝ ማለት ይቀላል። የመጣው ሰነድ መሆኑን ግን እዪ፤ ስሙ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ፕሮግራም ነው እንጂ ሲቪ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዢ ዊንዶውሱን ወይም ኦፊሱን በአክቲቬተር፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ በሚከፍት ፕሮግራም፣ ከፍተው ሰጥተውሽ ሊሆን ይችላል። አንቲቫይረሱ «ሃክቱል» ወይም «ኬኤምኤስ» የሚል ስም ካወጣ እሱ ነው። ይሄ ስህተት አይደለም፤ ፕሮግራሙ በትክክል የተባለውን ነው። በውስጡ ሌላ ነገር ተደብቆበት የሚመጣም አለ። አክቲቬተሩን ብትሰርዢው ዊንዶውሱ «አክቲቬት አድርጊ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል እንጂ ሥራ አይከለክልሽም። ለጽሑፍ ሥራ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ። ከኦፊስ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም፤ ለማመልከቻና ለሲቪ ግን ይበቃል።

እንግዲህ ባትሪውን አስቀይሪ፣ ቀኑን አስተካክዪ፣ አፕዴት አድርጊና አንድ ሁለት ቀን ሥሪበት። ከዚያ በኋላም መጻፊያው ላይ ከጮኸ ስሙንና ፋይሉ ያለበትን ቦታ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ጥጉ ላይ ያለው ቀንም አብሮ ይታይ።