ስልክ ቁጥር ፕራይመሪ ኪይ ይሁን ወይስ አይዲ?

ስልክ ቁጥሩን ፕራይመሪ ኪይ (በዳታቤዝ ቴብል ውስጥ እያንዳንዱን መዝገብ የሚለየው ዋና ቁልፍ) አታድርገው። የደንበኞች ቴብልህ ላይ ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠው አይዲ ይኑር፤ ስልኩ ተራ ኮለም ይሁን፣ ግን ዩኒክ አድርገው፤ ማለትም ዳታቤዙ አንዱን ቁጥር ሁለቴ እንዳይቀበል።

«አይደገምም፣ ታዲያ አይዲ ለምን?» ላልከው፣ ባይደገምም ይቀየራል። ደንበኛው ቁጥር በቀየረ ቁጥር ትዕዛዝ፣ ክፍያ፣ አድራሻ ውስጥ ያሉት ፎሪን ኪዮች (ወደ ደንበኛው ቁልፍ የሚጠቁሙት) ሁሉ አብረው መቀየር አለባቸው። ኦን አፕዴት ካስኬድ (ቁልፉ ሲቀየር የሚጠቁሙትንም አብሮ የሚቀይረው የዳታቤዝ ደንብ) ይሠራልሃል፣ እሺ። ወደ ሌላ ሲስተም የሄደውን ፋይል ግን ማን ያስተካክለዋል? ደግሞ የተተወ ቁጥር ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሁሌ አይዲ ፍጠር ማለቴ ግን አይደለም። ባለ 2 ፊደል የአይኤስኦ (የዓለም አቀፍ ደረጃዎች ድርጅት) የአገር ኮድ ራሱ ቁልፍ ቢሆን ችግር የለውም። ተማሪና ኮርስን የሚያገናኝ ቴብልም የሁለቱ አይዲ ጥምረት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ አይዲ አለ ብለው ዩኒኩን የሚዘሉ ብዙ አይቻለሁ። ያኔ አንዱ ደንበኛ አይዲ 41 እና አይዲ 87 ሆኖ ሁለቴ ይገባል፣ ዳታቤዙ ዝም ይላል፣ ትዕዛዙ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ከሆነ በኋላ ማዋሃዱ አበሳ ነው። ስልኩንም ሳታስገባው በፊት አንድ ቅርጽ አስይዘው፤ የአገር መነሻ ኮድ (እንደ +251) ያለውና የሌለው ለዩኒኩ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።