ዳታቤዙ ሲወድቅ ቶሎ አታንሱት

ልጆቼ፣

ሜይንፍሬም በሚባለው የትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተር ላይ ሥራ የጀመራችሁ ሁለት ወጣቶች ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቃችሁኝ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አሻሻልን፣ ዳታቤዙ መውደቅ ጀመረ፣ ምን ይሻላል? ለሁለታችሁም በስልክ የምችለውን ብያለሁ። ስለ ራሴ ጥፋት ግን አልነገርኳችሁም።

የሜይንፍሬሙን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዚኦኤስን፣ ከ2.3 ወደ 2.4 ስናሻግር ነው። እሁድ ሌሊት ማሽኑን በአዲሱ ሲስተም አስነሳን። የሌሊቱ ባች፣ ማለትም ያለ ሰው በተራ የሚሄደው ሥራ፣ በሰላም አለቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ቢሮ ገብቶ ስክሪኑን ሲከፍት ዳታቤዙ ዘጭ አለ።

አስነሳሁት። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ወደቀ። ደግሜ አስነሳሁት። አሁንም ወደቀ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል፣ ስልኩ አያርፍም። ሚሞሪ ይሆናል ብዬ ገመትኩና አራት ፓራሜትር (የሲስተሙን ማስተካከያ) ባንዴ ቀየርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። አሁን ችግሩ ሁለት ሆነ፤ የመጀመሪያው እና እኔ የጨመርኩት። እኩለ ቀን ላይ ማሽኑን በድሮው ሲስተም መልሰን አስነሳን። (የድሮውን የሲስተም ዲስክ ሳልደመስስ ማቆየቴ የዚያን ቀን ብቸኛው ብልህ ሥራዬ ነው።) ዳታቤዙ ምንም እንዳልነካው ሰው ሥራውን ቀጠለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ማሻሻያው ነው!» አለ። እኔም አብሬ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ረጋ ብዬ ዳምፑን፣ ማለትም ሲወድቅ የሚጻፈውን የሚሞሪ ቅጂ፣ ልከፍት ብል፣ ከሦስት ውድቀት የተረፈው አንድ ብቻ ነው። የዳምፕ ማስቀመጫው ባሮጌ ፋይል ሞልቶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨርሶ አልተጻፉም። ስለዚህ ከማሻሻያ በፊት ማስቀመጫውን ባዶ አድርጉ። ዳታቤዙ ሲወድቅ ደግሞ ከማስነሳታችሁ በፊት ዳምፑ ተጽፎ ማለቁን እዩ። ያቺ አምስት ደቂቃ ለአለቃ ረጅም ናት፣ አውቃለሁ። ቢቆጣም ይቆጣ።

ዳምፑ ላይ ያለው የውድቀት ኮድ ቢ78፣ የምክንያቱ ኮድ 5ሲ ይላል። መመሪያውን ገልጬ ሳነብ ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜይንፍሬም ላይ እያንዳንዱ የሚሞሪ ክፍል ከ0 እስከ 15 የሚደርስ ቁልፍ አለው። እስከ 7 ያሉት የሲስተሙ ናቸው። ከ8 ጀምሮ ያሉት የተራ ፕሮግራም ናቸው። ሁሉም ፕሮግራም የሚያየው የጋራ ሚሞሪም አለ። በጋራ ሚሞሪ ላይ በቁልፍ 8 ዕቃ ማስቀመጥ ማለት፣ በኪራይ ግቢ ያደገ ሰው እንደሚገባው፣ ልብስህን የጋራው ገመድ ላይ ማስጣት ነው። ማንም ያነሳዋል፣ ማንም ያቆሽሸዋል። የሲስተሙ አምራች አይቢኤም ይህንን ለዓመታት ሲታገስ ኖረ። መሥሪያ ቤቶች በአንድ ፓራሜትር «ፍቀድ» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። 2.3 ይህ የሚሠራበት የመጨረሻው ሲስተም እንደሚሆን አስቀድሞ አሳወቀ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል የሚባለው? 2.4 የወጣው በመስከረም 2012፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2019 ነው። ፓራሜትሩ ቀረ፣ በዚያ መንገድ ሚሞሪ የሚጠይቅ ፕሮግራም በዚህ ኮድ ወይም በመሰሎቹ ይወድቃል።

ታዲያ ማን ነው የጠየቀው? ዳታቤዙ አይደለም። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ዳታቤዙ የሚጠራት፣ እዚያው መሥሪያ ቤት በአሴምብለር፣ ለማሽኑ ቅርብ በሆነ ቋንቋ፣ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም ናት። ባች በእሷ በኩል አያልፍም፣ ለዚህ ነው ሌሊቱ አማን የሆነው። የሙከራ ሲስተማችን ላይ ደግሞ ጭራሽ አልተጫነችም። ለሳምንታት የሞከርነው ሌላ ዳታቤዝ ነው ማለት ይቻላል።

የሚያሳፍረኝ ግን ይሄ አይደለም። 2.3 ላይ እያለን ሲስተሙ ራሱ በጤና ምርመራው «እንዲህ የሚያደርግ ፕሮግራም አለህ» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ከብዙ ቢጫ መልእክቶች አንዱ ሆኖብኝ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። እናንተ ጥያቄ ያቀረባችሁልኝ ልጆች፣ መጀመሪያ የምትከፍቱት የጤና ምርመራው መልእክት ይሁን። ከዚያ የምትቀይሩትን አንድ በአንድ ቀይሩ፣ ሰዓቱንም ጻፉ። ለአምራቹ ስትደውሉ ኮዱን፣ ምክንያቱን እና የወደቀውን ሞጁል (የፕሮግራም ክፍል) ስም ይዛችሁ ደውሉ። «ወደቀብኝ» ብሎ ለሚደውል ሰው ማንም ፓች (የፕሮግራም ማስተካከያ) አያገኝለትም።

የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ የጠፋበትም አለ። ለእሱ አርዩሲኤስኤ የሚባል፣ ለተፈቀደለት ብቻ የሚከፈት የጋራ ሚሞሪ አለ። ግን በክፍያ ነው፣ እኔ ደግሞ እንደ ማስታገሻ ነው የማየው።

የኛ ምንጭ ኮድ ተገኘ። ለማስተካከል ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከላይ የጸሐፊው ስም አለ፣ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ደወልኩለት።

«ያቺ ነገር ገና አለች እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«እስከ ሰኞ ጠዋት ነበረች» አልኩት።