ያለ ላብራቶሪ የሚሠራ ሙከራ፦ አፈሩ ውሃውን በስንት ደቂቃ ይጠጣል?

ሰላም መምህር። «60 ተማሪ አለኝ፣ ላብራቶሪ የለም፤ የአፈር መሸርሸርን ከመጽሐፍ ከማንበብ ውጪ በምን ላስተምር?» ብለዋል። ግቢው ይበቃዎታል፤ አፈር የሚሸረሽረው ሳይሰርግ ቀርቶ የሚፈስሰው ውሃ ስለሆነ፣ ጣሳና ሰዓት ይዘው ይውጡና አፈሩ ውሃ የሚጠጣበትን ፍጥነት ይለኩ።

ሁለቱም ጫፍ የተከፈተ፣ አፉ 10፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ ለየቡድኑ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ጠርዝ እጅ ስለሚበላ በሞረድ ይሞረድ። ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው ይመድቡ፤ አምስቱ ቡድን ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ፣ አምስቱ ሣር ላይ ይሥራ። የትኛው ቶሎ እንደሚጠጣና ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ አስቀድመው ይጻፉ። ይህን አይዝለሉት፤ ግምቱን ያልጻፈ ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ «ድሮም አውቀው ነበር» ነው የሚለው።

ሣሩ በመቀስ ይታጨድ እንጂ አይነቀል፤ ሥሩ ሲወጣ አፈሩን ይበረግደዋል። ጣሳው ላይ ጣውላ አጋድመው በመዶሻ ቀስ እያሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያስገቡት። ከዚያ 160 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ በዚህ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። የመጀመሪያው ውሃ ለማርጠብ ብቻ ነው፤ ደረቅ አፈር ሲጀምር ስለሚስገበገብ አይቆጠርም። እሱ ሲሰርግ ሌላ 160 አፍስሰው ሰዓት ይያዙ።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ውሃ በጣሳው ጎን ከወጣ ሲመታ ተወላግዷል ማለት ነው፤ ነቅለው ግማሽ ሜትር ራቅ ብለው እንደገና ይትከሉት። ከላይ ዱብ ተደርጎ የፈሰሰ ውሃ ደቃቁን አፈር አናውጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ስለዚህ ውስጡ ላስቲክ አንጥፈው በእሱ ላይ ያፍስሱና ላስቲኩን ቀስ ብለው ይሳቡት። ሰዓቱ የሚቆመው የቆመ ውሃ ጠፍቶ አፈሩ ሲያብረቀርቅ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ይስማማ።

መንገዱ ላይ ውሃው ሰርጎ ሳይጠፋ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። ያኔ በ30 ደቂቃ የቀረውን በማስመሪያ ይለኩ፦ 20 ሚሊ ሜትር የነበረው 14 ከሆነ 6 ሰርጓል፣ በሰዓት 12 ነው። የአምስቱን ቡድን ውጤት አማካይ አያውጡ፤ በቅደም ተከተል ደርድረው መካከለኛውን ይውሰዱ። አንድ የጉንዳን ጉድጓድ አማካዩን ያበላሸዋል።

ሣሩ ከመንገዱ ቢዘገይም ስህተት ነው ብለው አይሰርዙት። ከሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ጓል ቆፍረው ያሳዩአቸው፤ ሥሩን፣ የትል ቀዳዳውን፣ የተጠቀጠቀውን ንብርብር ራሳቸው ይፈልጉ። ያልሰረገው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ዝናብ ሲያባራ መንገዱን ተከትለው ይዩት።