ወገቤን ለስልኬ አደራ ልስጠው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቡሬ የምኖር የ41 ዓመት መምህር ነኝ። ኅዳር ላይ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ጤፍ ሳጭድ ወገቤን ያዘኝ፤ ይኸው አራት ወሩ። ወደ እግሬ አይወርድም። ማስታገሻ ስወስድ ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል። ልጄ የወገብ ስፖርት የሚያሠራ አፕ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ልከተለው? አሁን ደግሞ ጾም ነው፣ ስግደትም አለብኝ።

መልስ፦ ይከተሉት። ግን እንደ አሠልጣኝ እንጂ እንደ ሐኪም አይዩት። አፕ ወገብዎን አይዳስስም፣ እግርዎ መዛሉን አያይም።

ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አቅቶዎታል? መቀመጫዎና ብልትዎ አካባቢ ይደነዝዝዎታል? እግርዎ እየሰነፈ ነው? አንዱም ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለነገ አይባልም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለም ይመርመሩ። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰውን ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱም ወገብ ያማሉ፣ ሁለቱንም ስፖርት አያድናቸውም።

እነዚህ ከሌሉ የእርስዎ ሕመም እንደ አብዛኛው ሰው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። (ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ይለኛል። ብዙ ጊዜ አይደለም።)

አፕ ይጠቅማል ወይ? በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በዴንማርክና በኖርዌይ 461 የወገብ ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ አፕ ተሰጣቸው። ከሦስት ወር በኋላ የተሻሉት አፑን ያገኙት ናቸው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር። ተአምር አይጠብቁ።

ጥሩ አፕ ስፖርት ከማስጀመሩ በፊት ከላይ የጠየቅኩዎትን ዓይነት ነገር ይጠይቃል። በትንሹ አስጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሳያይዎት «ዲስክዎ ተንሸራቷል» (ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው) ካለዎት ያጥፉት! ምንም የማያማቸው ሰዎች እንኳ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ቢነሱ ብዙዎቹ ዲስካቸው አበጥ ብሎ ይገኛል።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎት አይደንግጡ። ሕመሙን ከአሥር ቁጥር ይስጡት። እስከ ሦስት ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀዎት ይቀጥሉ። ካደረ ግን በሚቀጥለው ቀን እንቅስቃሴውን የሚደጋግሙበትን ብዛት በግማሽ ይቀንሱ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት ለመነሻ ጥሩ ነው። በየቀኑም በእግርዎ ይሂዱ፤ ትምህርት ቤትዎ ቅርብ ከሆነ ባጃጇን ይተዋት። ኔትወርክ ሲጠፋ አፑም ሊጠፋ ስለሚችል እንቅስቃሴዎቹን ደብተር ላይ ይሣሏቸው። ለመምህር ይህ አይከብድም።

ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን ይቅር፣ ያደርቅዎታል። ወገብዎን ለወጌሻ ሰጥተው አያስጠምዝዙ። ማስታገሻውን ለወራት አይውሰዱ፤ በተለይ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳሉ። ጾመው በባዶ ሆድማ ጭራሽ!

ስግደቱን በተመለከተ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ለሕመምተኛ ይቀንሳሉ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ይያዙ፣ ክብደትዎንም ከእግር ወደ እግር ያዘዋውሩ።

ስድስት ሳምንት በደንብ ሠርተው ለውጥ ካላዩ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ያግኙ። ስልኩንም ይዘው ይሂዱ፤ የሠሩትን ቀንና የሕመሙን ቁጥር አፑ መዝግቦልዎታል።