የተሰነጠቀውን ጠመንጃ ልመልሰው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለአድዋ በዓል ብዬ በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ዓይነት ጠመንጃ በኢንተርኔት ገዛሁ። ሕንድ የተሠራ ነው፤ 480 ዶላር። ባሩዱ የሚለኮስባት ቀዳዳ ሳትበሳ ነው የሚመጣው። ሻጩ ግን 40 ዶላር አስጨምሮ ራሱ በስቶ ላከልኝ። ጓደኛዬ የገጠር መሬት ላይ በባሩድና በወረቀት ብቻ፣ ያለ ጥይት ስሞክረው ሦስተኛው ላይ ከኋላ በኩል ተሰነጠቀ። እጄ ተቃጠለ፣ ሁለት ጣቴ ተሰፋ። ደረሰኙ «ለጌጥ ብቻ፣ ባለበት ሁኔታ የተሸጠ» ይላል። ሻጩ «መልሰህ ላከው፣ ገንዘብህን እሰጥሃለሁ» አለኝ። ልላከው? ደግሞስ ፈቃድ የለኝም፤ ብከስ በራሴ ላይ ጣጣ አመጣለሁ?

መልስ፦ አይላኩት። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ያ የተሰነጠቀ ብረት ዋና ምስክርዎ ነው። ሻጩ እጅ ገብቶ ቢጠፋ ምን ይዘው ይከራከራሉ? አይወልውሉት፣ ዘይት አይቀቡት። ፎቶ አንስተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት። የተረፈውን ባሩድም ከነቆርቆሮው፣ ከእሳት አርቀው። ገንዘቡን ሲመልስ የሚያስፈርምዎት ወረቀት ካለ ደግሞ ጠበቃ ሳያነበው አይፈርሙ። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የምትል መስመር እንዲህ ያለ ወረቀት ውስጥ ትሸጎጣለች።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አይጨነቁ። የ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ በጥቁር ባሩድ የሚሠራና ዘመናዊ ጥይት የማይጎርስ የአፈሙዝ ጠመንጃን፣ ትናንት የተሠራ ቢሆንም፣ «ጥንታዊ» ብሎ ከሌላው ይለየዋል። ቤትዎ ድረስ በፖስታ የመጣልዎትም ለዚህ ነው። መግዛትዎ ብቻውን የፌዴራል ወንጀል አይደለም። የት ይተኮሳል የሚለውን ግን ከካውንቲው ይጠይቁ። ወደ ዲሲም ይዘውት አይሻገሩ፤ እዚያ ሕጉ ሌላ ነው። (በነገራችን ላይ፣ አድዋ ላይ ብዙው ሰው የያዘው እንደ ውጅግራ ያለ ከኋላ የሚጎርስ ነበር። የርስዎ ለአጤ ቴዎድሮስ ዘመን ይቀርባል።)

ቁጥጥሩ መላላቱ ገዢንም ይጎዳል። ጣሊያን ወይም ስፔን የተሠራ ጠመንጃ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ወይም ኤይባር ባለው መፈተሻ ቤት ከወትሮው በላይ ተጎርሶ ይተኮሳል፤ ካለፈ ማኅተም ይመታበታል። አሜሪካ እንዲህ ያለ የመንግሥት ፍተሻ የላትም። ሕንድም አውሮፓውያኑ የፈረሙት የፍተሻ ስምምነት አባል አይደለችም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ደግሞ ጠመንጃ ላይ እንዳይገባ በሕግ ተከልክሏል፤ «ይህ ሞዴል ከገበያ ይሰብሰብ» አይልልዎትም። የቀረዎት ፍርድ ቤት ነው።

ክሱ ደግሞ ያለው እዚያች ቀዳዳ ላይ ነው። እርስዎ በስተዋት ቢሆን ኖሮ ሻጩ «ለጌጥ የሸጥኩትን አንተ ነካካኸው» ይል ነበር፤ ነገሩም ይከብደን ነበር። እሱ ግን 40 ዶላር ተቀብሎ በሳት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብረት መለኮሻ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል? «ለጌጥ ብቻ» ያለውን በገዛ መሰርሰሪያው አፈረሰው። የ40 ዶላሯን ደረሰኝ፣ ኢሜይሎቹንና ማስታወቂያውን ከድረ ገጹ ሳይነሣ ዛሬውኑ ገልብጠው ያስቀምጡ።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለውስ? ሜሪላንድ መኖርዎ እዚህ ላይ ጠቀመዎት። ነጋዴ ዕቃ ሲሸጥ «ለተለመደው አገልግሎት ይሆናል» የሚል ዋስትና ሕጉ ራሱ ይጨምርበታል። ብዙ ቦታ ሻጩ «ባለበት ሁኔታ» ብሎ ከዚህ ያመልጣል። በሜሪላንድ ሕግ ግን ለግል መገልገያ በተገዛ አዲስ ዕቃ ላይ ያ ጽሑፍ አይሠራም። ሲገዙ «እስማማለሁ» ብለው የተጫኑት ውል ግን የሌላ ስቴት ሕግ ወይም የግልግል ዳኝነት ይላል እንዴ? ይላኩልኝ፤ እሱ አስቀድሞ መታየት አለበት።

የሻጩ ጠበቃ የ2005ቱን የፌዴራል ሕግ መምዘዙ አይቀርም። ጠመንጃ ሠሪና ሻጭን ከክስ የሚጋርድ ሕግ ነው፤ «ጥንታዊ» የሚባለውንም ይጨምራል። አይደንግጡ። ሕጉ ራሱ የዋስትና መጣስን፣ እንዲሁም በአግባቡ ሲገለገሉበት በአሠራር ጉድለት የደረሰ ጉዳትን ከጋሻው ውጭ አድርጓል።

ችግር ያለው «በአግባቡ» የምትለዋ ላይ ነው። ስለዚህ እውነቱን ይንገሩኝ፦ የጎረሰው ምን ባሩድ ነው? ስንት ነው? ጥቁር ባሩድ ወይም ለዚሁ የተሠራ ምትኩ ከሆነ ደህና። ጭስ አልባ የሚሉት ዘመናዊው ባሩድ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ እሱ ደህና የተሠራውንም ያፈነዳል። በቸልተኝነት ብቻ ከከሰስን ደግሞ ሜሪላንድ ጨካኝ ናት። ለአደጋው ጥቂት እንኳ የርስዎ ጥፋት ካለበት ካሳው ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ክሱን በዋስትናና በምርት ጉድለት ላይ ማቆም የምመርጠው ለዚህ ነው። እዚያ ተራ ቸልተኝነት አያስቀርም፤ ያለ አግባብ መጠቀም ግን ያስቀራል።

ሕንድ ያለውን ሠሪ ማሳደድ ድካሙ ብዙ ነው፤ እዚህ ያለው ሻጭ ይበቃናል። ይርጋው ለአካል ጉዳት 3 ዓመት፣ ለዋስትና ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን 4 ዓመት ነው። ጉድለቱን ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅ ግን በዚህ ሳምንት ይሁን። በሁለት መስመር፣ ምን እንደሆነ ብቻ። ንዴትዎን እዚያ ላይ አይጻፉት። ብረቱን የሚመረምር ባለሙያም ያስፈልገናል፤ እሱ ርካሽ አይደለም።

አንድ ወጥመድ ልንገርዎት። ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ የሚከሰስበት አነስተኛ ችሎት አላት። «ለጊዜው የጠመንጃውን 520 ዶላር ላስመልስ፣ የእጄን በኋላ» ብለው እዚያ እንዳይሄዱ። በአንድ አደጋ ሁለት ጊዜ መክሰስ አይቻልም። ዶላሩን ሲያሸንፉ የጣትዎን ካሳ እዚያው ጥለውት ሊወጡ ይችላሉ።