ስትሪንግ ትሪም ስናደርግ ሜሞሪው ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻና ከደሴ የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ተማሪዎች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከስትሪንግ (በሜሞሪ ውስጥ ተከታትሎ ከተቀመጠ ጽሑፍ) ዳርና ዳር ስፔስ ስለማንሳት፣ ማለትም ስለ ትሪም፣ ናቸው። እነሱን ልመልስ።

ጋሼ፣ የፊቱን ስፔስ ለመዝለል ፖይንተሩን (የስትሪንጉን የሜሞሪ አድራሻ የያዘውን) ወደፊት ገፋሁት። ሲታተም ልክ ነው። ፍሪ ሳደርገው (ሜሞሪውን ስመልሰው) ግን ፕሮግራሙ ይወድቃል። ለምን?

አብሽር፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። ፍሪ የሚቀበለው ማሎክ (ሜሞሪ የሚሰጠው ፈንክሽን) የሰጠህን አድራሻ ራሱን ነው። ሁለት ስፔስ፣ «ደሴ»፣ ከዚያ ሁለት ስፔስ ያለው ስትሪንግ አለህ እንበል። በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ስርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የስትሪንጉን መጨረሻ ከሚያሳየው ዜሮ ጋር 11 ባይት ነው። ማሎክ አድራሻ 1000ን ሰጥቶህ አንተ 1002ን ለፍሪ ስታቀብለው፣ እሱ እንዲህ ያለ አድራሻ ለማንም አልሰጠም። መዘዙ ከዚያ ይመጣል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የመጀመሪያውን ፖይንተር ሳትነካ ያዘው፤ ወይ ጽሑፉን ራሱን በሜምሙቭ (ባይቶችን በሚያዛውረው ፈንክሽን) ወደ መነሻው አምጣው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የምትጠብቀው ፖይንተር አንድ ብቻ ይሆናል። ዜሮውንም አብረህ ማምጣት አትርሳ። ሜምኮፒን (ሌላውን የባይት መቅጃ ፈንክሽን) ግን እዚህ ጋ አትንካው፤ ምንጩና መድረሻው ሲደራረቡ ዋስትና የለውም።

የኋላውን ስፔስስ?

እሱ ቀላል ነው። ከመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ ዜሮ አስቀምጪ፣ አለቀ። የተያዘው ሜሞሪ 11 ባይት እንደሆነ ይቆያል፤ ፍሪ ሁሉንም ይመልሰዋል። ለጥቂት ባይት ብለሽ ሪአሎክ (የሜሞሪውን መጠን መቀየሪያ ፈንክሽን) ውስጥ አትግቢ። ስትሪንጉ ስፔስ ብቻ ከሆነ ግን ወደኋላ ስትሄጂ ከመነሻው አልፈሽ እንዳትወርጂ።

በጥቅስ ምልክት ውስጥ በቀጥታ የጻፍኩትን ስትሪንግ ስቆርጥስ ለምን ይወድቃል?

እሱ ላይ መጻፍ አይፈቀድም። አሬይ ውስጥ አድርገው፣ ወይም በስትርዳፕ (ስትሪንግን በአዲስ ሜሞሪ በሚቀዳው ፈንክሽን) ቅጂ አውጣ። ቅጂውን ፍሪ ማድረግ ያንተ ኃላፊነት ነው።

አዲስ ቅጂ የሚመልስ ፈንክሽን ብጽፍስ?

ጥሩ ነው። ለማሎክ ርዝመቱን ሲደመር 1 ስጠው፤ ነል (ባዶ አድራሻ፣ ሜሞሪ አልተገኘም ማለት) መልሶ እንደሆነም አረጋግጥ። «የጠራኝ ፍሪ ያድርግ» ብለህ ከፈንክሽኑ በላይ ኮሜንት ጻፍ። ይህች መስመር ከጠፋች ሜሞሪው ሊፈስ (ሳይመለስ ሊቀር) ይችላል።

ኢዝስፔስ (ስፔስ መሆኑን የሚለየው ፈንክሽን) በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ያስቸግረኛል።

ይህን የጠየቅሽው ደስ ብሎኛል፤ የውጭዎቹ ማስተማሪያዎች ብዙም አያነሱትም። የግዕዝ ፊደል ባይቶች ሁሉም ከ127 በላይ ናቸው። በብዙ ኮምፒውተር ላይ ቻር (አንድ ባይት የሚይዘው ዓይነት) ሳይንድ፣ ማለትም ኔጌቲቭም የሚይዝ፣ ስለሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ኢዝስፔስ ደግሞ ኔጌቲቭ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አንሳይንድ ቻር (ኔጌቲቭ ወደሌለው) ቀይሪው። ሁለት ነጥቡን (፡) ደግሞ ኢዝስፔስ አያውቀውም፤ እሱም 3 ባይት ነው። መቁረጥ ከፈለግሽ ሦስቱንም ባይት አንድ ላይ አመሳክረሽ አንሺ። አንዱን ብቻ ካነሳሽ ቀሪው ጽሑፍ ይበላሻል።